በፓርቲ ማጣሪያ ምርጫ ማንን እንደሚደግፉ እንዴት ይወስናሉ፦ የሞንጎመሪ ካውንቲ ምሳሌ

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ የምክር ቤቱ 11 መቀመጫዎች በሙሉ በዴሞክራቶች የተያዙ ስለሆኑ፣ ከኖቬምበሩ ምርጫ ይልቅ እውነተኛው ፉክክር የሚካሄደው ፕራይመሪ በሚባለው የፓርቲው ማጣሪያ ምርጫ ነው። ማርክ ኤልሪች ለካውንቲው ሥራ አስፈጻሚነት እ.ኤ.አ. በ2018 በዴሞክራቶች ማጣሪያ ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ ሲሆን፣ በ2022 ሁለቱ እንደገና ሲፎካከሩ ልዩነቱ ወደ 32 ዝቅ ብሏል።

በቅድሚያ የመራጭነት ምዝገባዎን ያረጋግጡ። በሜሪላንድ በዴሞክራቶች ወይም በሪፐብሊካኖች ማጣሪያ የሚመርጠው በዚያው ፓርቲ ስም የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ ፓርቲ ለመቀየር የሚሰጠው ጊዜም ከምርጫው ቀደም ብሎ ይዘጋል። ፓርቲ ያልመረጠ ነዋሪ የሚደርሰው ለትምህርት ቦርድ ዕጩዎች ድምፅ የሚሰጥበት ወረቀት ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ግን ጨርሶ መመዝገብ የለበትም፤ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ክፉኛ ሊጎዳበት ይችላል።

ቀጥሎ ወንበሩ ምን ሥልጣን እንዳለው ይለዩ። የካውንቲ ተወዳዳሪ ስለ ቪዛ ወይም ስለ ውጭ ጉዳይ የሚሰጠው ተስፋ፣ ምንም ያህል ልብ ቢያሞቅ፣ ከእጁ ውጪ ነው። በእጁ ያለው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ዓመታዊ በጀት፣ የንብረት ግብር፣ ፖሊስ፣ የመሬት አጠቃቀምና የቤት ኪራይ ሕግ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቤተሰብዎን በቀጥታ የሚነኩትን ሁለት ወይም ሦስት ጉዳዮች በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ሁሉንም ዕጩዎች በእነዚሁ ብቻ ያነጻጽሩ።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን ሥራቸውን ይመርምሩ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ደረጃ ነው። በአንድ ፓርቲ ውስጥ የሚፎካከሩ ሰዎች በንግግር እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው እጃቸውን ያወጡበትን መዝገብ ሲያዩ ነው። ለምሳሌ በጁላይ 2023 ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪን ቢበዛ በ6 በመቶ የሚገድበው ሕግ የጸደቀው በ7 ድጋፍና በ4 ተቃውሞ ሲሆን፣ የተከፋፈሉት ዴሞክራቶች ራሳቸው ነበሩ። ተከራይም ይሁኑ አከራይ፣ እያንዳንዱ አባል ለምን እንደደገፈ ወይም እንደተቃወመ ማወቅ ከአሥር በራሪ ወረቀት ይበልጣል። ከዚህ በፊት ሥልጣን ያልያዘ ዕጩ ከሆነ ደግሞ በሕዝብ መድረክ ላይ «ይህን ወጪ ከየትኛው በጀት ቀንሰው ይሸፍናሉ?» ብለው ይጠይቁት።

ገንዘቡንም ይከታተሉ። ካውንቲው አነስተኛ የግለሰብ መዋጮ ብቻ ለሚቀበሉ ዕጩዎች ከሕዝብ ገንዘብ ድጎማ ይሰጣል፤ ኤልሪች በዚህ መንገድ ሲወዳደሩ፣ ብሌር በሚሊዮኖች የሚቆጠር የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተዋል። በእኔ አስተያየት የራስን ሀብት ማውጣት በራሱ ነውር አይደለም፤ ሆኖም ለጋሾቹ እነማን እንደሆኑ፣ ከካውንቲው ምን እንደሚፈልጉም ማየት ተገቢ ነው። መረጃው በስቴቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

የድጋፍ መግለጫዎች እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ፍርድ አይወሰዱም። በምርጫ ጣቢያ ደጃፍ የሚታደለው፣ «አፕል ባሎት» የሚባለው የፖም ቅርጽ ያለው ወረቀት፣ የመምህራን ማኅበሩ የደገፋቸውን ሰዎች ዝርዝር የያዘ ነው፤ የመምህራን ደመወዝና የትምህርት በጀት ዋና ጉዳይዎ ከሆነ ይጠቅምዎታል። የአገር ልጅ ወይም የምናውቀው ሰው ስላስተዋወቀን ብቻ መደገፍም ያው የሌላን ሰው ምርጫ መቀበል ነው።

በመጨረሻ የማሸነፍ ዕድልን ይመዝኑ። በዚህ ማጣሪያ ብዙ ድምፅ ያገኘ፣ ከግማሽ በታች ቢሆንም እንኳ፣ ያሸንፋል፤ ሁለተኛ ዙርም የለም። በ2022 ኤልሪችና ብሌር እያንዳንዳቸው 39 በመቶ ያህል ሲያገኙ፣ ሦስተኛ የወጡት ሃንስ ሪመር 20 በመቶ ያህል ወስደዋል። ከሁለቱ መሪዎች መካከል አንዱን አጥብቀው የማይፈልጉ ከሆነ፣ ሌላውን መምረጥ ብልህነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ለእርስዎ እኩል ከሆኑ ግን ሦስተኛውን መምረጥ የሚያሳጣዎት ነገር የለም።

ውሳኔዎን በናሙና የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ምልክት አድርገው ይዘው ይግቡ፤ በጣቢያው ውስጥ ስልክ መጠቀም አይፈቀድም። ለመላው ካውንቲ ለሚመረጡት 4 የምክር ቤት መቀመጫዎች እስከ 4 ሰው መምረጥ ይችላሉ፤ ከዚያ ያነሰ ቢመርጡ ድምፅዎ ይቆጠራል፣ 5 ሰው ላይ ምልክት ቢያደርጉ ግን ለእነዚህ መቀመጫዎች የሰጡት ድምፅ በሙሉ አይቆጠርም።