ፖለቲካ የነካካውን ዳይሬክተር ለእሑድ ተመልካች ማቅረብ

ጅማ ከተማ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ያለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቴ እሑድ ከሰዓት ወደ ሲኒማ ትቀየራለች። ማሽኑን ወደ ጥግ እገፋዋለሁ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ እወጥራለሁ፣ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው አግዳሚ ወንበርና በርጩማ ላይ ተጠጋግቶ ያያል። ሰሞኑን የኮቺ ሰፈር ልጆች እነሱም ፊልም ማሳየት ሊጀምሩ እንደሆነ ነግረውኝ፣ «ሰው የሚጣላበትን ዳይሬክተር እንዴት ነው የምናቀርበው?» አሉኝ። እኔ ክሮኤሺያዊውን ሎርዳን ዛፍራኖቪችን ሁለት ጊዜ አቅርቤ፣ አንዴ አበላሽቼ አንዴ ተሳክቶልኛል። የማውቀው ከዚያ የተማርኩትን ነው።

ስታስተዋውቁት ከክርክሩ አትጀምሩ። በመጀመሪያው እሑድ ቆሜ «ይህን ሰው አንዳንዱ ከሃዲ ይለዋል፣ አንዳንዱ ጀግና» አልኩና አረፍኩት። ገና ስሙን ሳይዙ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ፊልሙንም ሲያዩ ማስረጃ እንደሚፈልግ ጠበቃ ነበር የሚያዩት። በሁለተኛው ዙር ከደሴቱ ጀመርኩ፦ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 ሾልታ የምትባል የአድርያቲክ ባሕር ደሴት ላይ ተወለደ፣ ፊልም መሥራት የጀመረው ስፕሊት ከተማ በአማተሮች የሲኒማ ክበብ ውስጥ ነው። «ክበብ» ስትሉ የእኛ ሰው ይነቃል፤ እሱም ክበብ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ፕራግ ሄዶ ፋሙ የተባለው የፊልም ትምህርት ቤት ኤልማር ክሎስ ዘንድ ተማረ፣ በ1971 ጨረሰ። ለትምህርቱ ከዚህ በላይ ጊዜ አትስጡ።

ዓመቶቹን በሁለቱም አቆጣጠር፣ በፈረንጁም በእኛም ጻፉ፤ እኔ እዚህ የምጠራቸው የፈረንጁን ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን እኔ ዘንድ ቤቱን የቀየረው ይሄ ነው። «ወረራ በ26 ሥዕሎች» የተባለው ፊልሙ የወጣው በ1978 ነው፤ በዚያው ዓመት የዩጎዝላቪያ ፊልሞች በሚወዳደሩበት ፑላ ፌስቲቫል ላይ ትልቁን የወርቅ አሬና ሽልማት ወሰደ፣ በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የካን ፌስቲቫል ላይ ተወዳደረ። መጀመሪያ 1978 ብዬ ብቻ ለጥፌ አንዱ ወጣት «ያኔ እናቴ ስምንተኛ ክፍል ነበረች» ብሎ ሲያስቅ ነበር። በሁለተኛው ዙር ከጎኑ በእኛ 1970 ብዬ ጻፍኩ። ጥግ ይዘው የሚቀመጡት ጡረተኛ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አዩና፣ «ልጄ፣ እነሱ ይህን ሲያዩ እኛ የምናዳምጠው የበር ኳኳታ ነበር» አሉ። ቀይ ሽብርን ማለታቸው ነው። ማንም አልተናገረም። ፕሮጀክተሩን ከፈትኩ።

ታሪኩን ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ንገሩ። በ1941 ጀርመንና ጣሊያን ዩጎዝላቪያን ወረው ከፋፈሏት፤ በክሮኤሺያ ኡስታሻ የተባለው ድርጅት ሥልጣን ተሰጠው፣ ሰርቦችን፣ አይሁዶችንና ሮማ (ጂፕሲ) የሚባሉትን ጨፈጨፈ፣ ያሴኖቫች የተባለውን የማጎሪያ ካምፕ አቆመ። ስለ ጣሊያን ጅማ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ፊልሙ ላይ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሲገባ የምታዩት ፋሺስት በዚያው ዓመት ከእኛ ከተማ የተባረረው ነው። አንድ ነገር ግን በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ፦ ኡስታሻ የድርጅት ስም ነው፣ የሕዝብ ስም አይደለም። እኔ በአማርኛም በኦሮምኛም ደጋግሜ እለዋለሁ፣ ምክንያቱም የሰውየው ጠብ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

አሁን ስለ ፊልሙና ሰው ስለሚጨነቅበት የአውቶቡስ ትዕይንት። ፊልሙ የሦስት ጓደኛሞች ታሪክ ነው፤ አንዱ ክሮኤሽ፣ አንዱ አይሁዳዊ፣ አንዱ የጣሊያን ዘር ያለበት። ከተማው ያምራል፣ ባሕሩ ያበራል፣ ሰው ይለብሳል ይዘንጣል። ከዚያ እስረኞች የተጫኑበት አውቶቡስ ይመጣል፤ ውስጡ የሚፈጸመው ግድያ እየተጫወቱ የሚፈጸም ነው፣ ሰው እጁን ፊቱ ላይ ያደርጋል። ልጆች አታስገቡ። ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሊወጣ የሚፈልግ ይውጣ። ላፕቶፑን ደግሞ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ በመጀመሪያው እሑድ መብራት የጠፋው እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ሳለን ነው። ሰው ግማሹን ይዞ ወጣ፣ ሳምንቱን ሙሉ ገበያው ላይ «ደም የምታሳየዋ» እባል ነበር። መብራት ከሄደ ሰው አታሰናብቱ፤ ሻማ አብርታችሁ ቀሪውን በአፍ ተርኩላቸው።

በአንድ ፊልም ሰውየውን አትጨርሱት። በ1981 በሠራው «የጣሊያን ውድቀት» ፋሺስቶቹን የሚዋጉት ፓርቲዛኖች ራሳቸው በፍቅር ምክንያት የገዛ ጓዳቸውን ይገድላሉ። በ1986 ደግሞ «የምሽት ደወሎች» መጣ። ሁለቱንም ማሳየት ባትችሉ እንኳ ንገሩ፤ ያለበለዚያ ሰውየው በአንድ ወገን ላይ ብቻ ጣቱን የቀሰረ ይመስላል።

ክርክሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «ፊልሙ ውስጥ ያየነው»፣ በሌላው «ስለ ሰውየው የተባለ» እላለሁ። በሁለተኛው ላይ ይህን እጽፋለሁ፦ ዩጎዝላቪያን ይገዛ የነበረው ፓርቲ፣ የኮሚኒስቶች ሊግ አባል ነበር፤ ተቃዋሚዎቹ የኡስታሻን ወንጀል በክሮኤሽ ሕዝብ ላይ ለጥፏል ይሉታል፤ ደጋፊዎቹ ሌላው ዝም ያለውን ተናገረ ይላሉ፤ ብሔርተኞች ሥልጣን ሲይዙ በ1991 አገሩን ለቀቀ፤ የኡስታሻ ሚኒስትር የነበረውን የአንድሪያ አርቱኮቪችን ችሎት የያዘ ዘጋቢ ፊልሙን የጨረሰው በስደት ነው። በ2011 ደግሞ ስለ ዩጎዝላቪያ መሪ ስለነበረው ቲቶ 13 ክፍል ያለው ተከታታይ ሠራ። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ በአውቶቡሱ ትዕይንት ትንሽ ያበዛዋል፤ ግን ውሸቱን ነው አልልም።

ጥያቄ ስትጠይቁ «ከማን ወገን ናችሁ?» ሳይሆን «ምን አያችሁ?» በሉ። ቡናውንም ከፊልሙ በፊት አፍሉት። እኔ በኋላ አፍልቼ ፈንዲሻው እንዳለ ተመለሰ።