ቤልፋስትን በእግር መጎብኘት፦ ፎልስና ሻንኪል በአንድ ቀን

በሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት ስለምኖር ቤቴ እንግዳ አያጣም። ከለንደንም ከደብሊንም የሚመጣው ወዳጅ ዘመድ በመጀመሪያ የሚጠይቀኝ ታይታኒክ የተሠራችበትን ስፍራ ነው። እርሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ እላቸዋለሁ፤ እኔ የማሳያችሁ የካቶሊኮቹን ሰፈር ፎልስንና የፕሮቴስታንቶቹን ሰፈር ሻንኪልን የሚለየውን ግንብ ነው። ለእነርሱ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉም በፊት፣ ሁለቱንም ሰፈር ከየሰፈሩ ሰው አፍ ስሙ፤ የሚቻል ከሆነም በአንድ ቀን። ፎልስን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው የአንዱን ወገን ሐዘን ብቻ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሻንኪልን ብቻ ያየም እንዲሁ። በጥቁር ታክሲ የሚያስጎበኙ አሉ፤ እግሩን ለሚያመው አዛውንት እኔም እመርጥለታለሁ። በታክሲ የሄደ ሰው ግን ሁለቱ ሰፈሮች ምን ያህል ጎረቤት እንደሆኑ አይገባውም። መኪናው ዞሮ ዞሮ ሲደርስ የተራራቁ ይመስላሉ።

ከመምጣታችሁ በፊት ትንሽ ታሪክ ያዙ። «ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ተጋደሉ» ሲባል የእኛ ሰው ወዲያው ስለ እመቤታችን ወይም ስለ ቁርባን የተደረገ ክርክር ይመስለዋል። ጠቡ የአገር ጉዳይ ነበር። አየርላንድ በ1921 ስትከፈል ሰሜኑ በብሪታኒያ ሥር ቀረ። አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት የሆኑት ዩኒየኒስቶች ይህ እንዲጸና ይፈልጋሉ፤ አብዛኞቹ ካቶሊክ የሆኑት ናሽናሊስቶች ደግሞ ከቀሪዋ አየርላንድ ጋር መዋሐድን ይሻሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካቶሊኮቹ በቤት ድልድል፣ በሥራና በምርጫ አድልዎ ይፈጸምብናል ብለው አደባባይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ከ3,500 በላይ ሰው አለቀ። የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው በስቅለት ዕለት፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1998 ነው። ይህን ያህል ካወቃችሁ አስጎብኚው የሚናገረው አይጠፋባችሁም።

ቀጠሮ ስትይዙ በዚያ ግጭት ታስረው የነበሩ ሰዎች የሚመሩትን ጉብኝት ጠይቁ። በፎልስ በኩል አየርላንድን በመሣሪያ ለማዋሐድ ከታገለው ወገን፣ ከሪፐብሊካኖቹ፣ የሆነ የቀድሞ እስረኛ ይመራችኋል፤ የግንቡ በር ጋ ስትደርሱ ለሻንኪሉ አስጎብኚ ያስረክባችኋል። ሁለቱም ወገን እንዲኖርበት እንደምትፈልጉ በግልጽ ተናገሩ፤ ካልተናገራችሁ አንዱን ብቻ ሊይዙላችሁ ይችላሉ። ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ምቹ ጫማና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት ያዙ። ጃንጥላ በዚህ ከተማ ነፋስ አይበረክትም።

ጉዞው የሚጀምረው ከዲቪስ ታወር፣ ከከተማው አዳራሽ በእግር ሩብ ሰዓት ከሚያስኬደው ባለ 20 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ነው። የብሪታኒያ ጦር እስከ 2005 ድረስ ጣሪያው ላይ የመጠበቂያ ማማ ነበረው፤ ከሥሩ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ቀጥሎ በግድግዳ ሥዕሎች የተሞላው ረጅም አጥር ይመጣል። ጥቂት አለፍ ብሎ የቦቢ ሳንድስ ምስል አለ፤ አየርላንድን ለማዋሐድ መሣሪያ ያነሣው የአይአርኤ ድርጅት አባል የነበረ፣ በ1981 እስር ቤት ሆኖ ለፓርላማ ተመርጦ፣ በረሃብ አድማ በ66ኛው ቀን በ27 ዓመቱ የሞተው ነው። አስጎብኚው ስለ እርሱ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። እዚህ ላይ በመካከል ገብታችሁ «አይአርኤ ራሱ ስንት ሰው ገደለ?» አትበሉት። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ንግግሩን ይጨርስ። ደግሞም ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግንቡ ማዶ ሳትጠይቁ ይነገራችኋል።

ቦምቤይ ስትሪት ስትደርሱ ቀስ በሉ። ኦገስት 1969 ላይ ከወዲያ ማዶ የመጣ ሕዝብ ይህን መንገድ አቃጠለው። ግንቡ የተጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ወታደሮች ለጊዜው ብለው ያቆሙት አጥር ነበር። ዛሬ እንደገና የተሠሩት ቤቶች ጓሯቸው ከግንቡ ሥር ነው። ከማዶ የሚወረወር ነገር እንዳይወድቅባቸው ጓሮዎቹ በብረት መረብ ተሸፍነዋል። እኔ ባለፈው ስሄድ በአንዱ መረብ ሥር የሕፃን ልብስና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር። እባካችሁ ካሜራችሁን ወደ ጓሮዎቹ አታዙሩ። የሰው ቤት ነው።

በሩን አልፋችሁ ኩፓር ዌይ ላይ ስትወጡ ግንቡን በሙሉ ቁመቱ ታዩታላችሁ፦ ከታች ኮንክሪት፣ ከላዩ ቆርቆሮ፣ ከዚያም በላይ ሽቦ። በየጊዜው ከፍ እየተደረገ የመጣ ነው። ኮንክሪቱ ከመላው ዓለም በመጡ ጎብኚዎች ፊርማ ተሞልቷል። አንዳንድ አስጎብኚ እስክሪብቶ ያቀብላችኋል። እኔ አልጽፍም፤ እንግዶቼም እንዳይጽፉ እለምናቸዋለሁ። መንግሥት በ2013 እነዚህን ግንቦች እስከ 2023 ድረስ አፈርሳለሁ ብሎ ነበር፤ አልሆነም። በአቅራቢያው የሚኖሩ ብዙዎች አሁንም ያለ ግንቡ መተኛት ይፈራሉ። በሰው ፍርሃት ላይ ስምን መጻፍ ለእኔ ልክ አይመስለኝም።

ሻንኪል ውስጥ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ሳይቀር በብሪታኒያ ባንዲራ ቀለም፣ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ተቀብቶ ታገኛላችሁ። በዚህ ጎዳና ኦክቶበር 23 ቀን 1993 የአይአርኤ ቦምብ አንድ ዓሣ ቤት ውስጥ ፈንድቶ ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎችንና ቦምቡን ካመጡት አንዱን ገደለ። ከሞቱት መካከል ሕፃናት ነበሩ። ይህን የሚነግራችሁ ሰው የሚናገረው ስለ ጎረቤቶቹ ነው። ፎልስ ላይ የሰጣችሁትን ዝምታ ለእርሱም ስጡት።

ጥያቄ ግን ይዛችሁ ኑ። «ሰው ገድለሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ በርም ይዘጋል። «ልጅ ሳለህ ከግንቡ ማዶ ማንን ታውቅ ነበር?» በሉት። አንድ የሻንኪል አስጎብኚ ይህን ስጠይቀው እስኪጎረምስ ድረስ አንድም ካቶሊክ በስሙ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ የሚኖረው ድንጋይ ቢወረወር ማዶ በሚደርስበት ስፍራ ነበር። ሌላም አደራ አለኝ። የእኛ እንግዶች እዚህ ሲደርሱ ስለ አገራችን ማንሳት ይጀምራሉ፤ አንዳንዶቹም እርስ በርስ ይነታረካሉ። ልባቸው ተነክቶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔም ይነካል። ለእራት አቆዩት። አሁን የሰው ልቅሶ ቤት ውስጥ ናችሁ።

ጊዜን በተመለከተ፣ ከሰዓት በኋላ ዘግይታችሁ አትጀምሩ፤ በሮቹ ማታ ይዘጋሉ። ጁላይ 12 የፕሮቴስታንቶቹ የሰልፍ ቀን ስለሆነ፣ ዋዜማውም የደመራ ያህል እሳት ስለሚነድበት፣ በዚያ ሳምንት እንግዳ አልወስድም። ከደብሊን የምትመጡ ድንበሩ ላይ ኬላ ባታገኙም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ የብሪታኒያ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ ኬላ ስለሌለ ብቻ ዝም ብላችሁ አትሻገሩ። ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ ለሁለቱም አስጎብኚዎች እኩል ስጡ፤ የመጀመሪያው በሩ ጋ ስለሚለያችሁ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ለዩ።

ከሻንኪል መሀል ከተማ ቁልቁል በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የደከመው በአውቶቡስ ይወርዳል። አንድ ሌሊት የምታድሩ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት በመሀል ከተማ የሚደረገውን፣ ታሪኩን በዓመተ ምሕረት ቅደም ተከተል የሚያስረዳውን ጉብኝት ጨምሩበት። ብዙ ሰው በእርሱ ይጀምራል፤ እኔ ግን ሁለቱን ሰፈሮች ሰምታችሁ በኋላ ብትሄዱ እመርጣለሁ፤ የሁለቱ ትረካ ያልገጠመላችሁን ነገር ቆጥራችሁ መጠየቅ የምትችሉት ያን ጊዜ ነው።