የስንብት ስምምነት ከመፈረሜ በፊት ያደረግኩት

ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ የእኔም ስም ወጣ። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰጡኝ ወረቀት የሁለት ወር ደመወዝ ይላል፤ ከግርጌው «ሌላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል አለበት።

የሰው ኃይል ክፍሉን ስጠይቅ «ለሁሉም ያው ነው» አሉኝ። ጓደኞቼ ግማሹ ፈርም፣ ግማሹ እንዳትፈርም። አራት ቀን እንዲሁ አለቀ።

በመጨረሻ የቅጥር ውሌን፣ የደመወዝ ማስረጃዬንና ያንን ወረቀት ይዤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄድኩ። ባለሙያዋ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጣ በእስክሪብቶ አሰላችልኝ። ሁለቱ ወር የማስጠንቀቂያው፣ ማለትም አስቀድመው ባለማሳወቃቸው የሚከፈለው ብቻ ነው። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፤ 80 ቀን። በቅነሳ ለወጣ 60 ቀን ይጨመራል። በድምሩ የ140 ቀን ደመወዝ! ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድም አለ። አንቀጽ 25ንም አሳየችኝ፦ በስምምነት ሲለያዩ እንኳ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ቢተው አይጸናም። ቢሆንም ፈርሞ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ሳይፈርሙ ማስተካከል ይሻላል።

ስሌቱን በደብዳቤ አስገባሁ፤ ቀሪው ላይ ማህተም አስመታሁ። በሳምንቱ አስተካክለው ከፈሉኝ። የፈረምኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀን ቁጠሩ፦ የክፍያ ጥያቄው በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ደግሞ በ3 ወር ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል።