የብስክሌት መቀመጫ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

በአውራ ጣት መምረጥ

መቀመጫ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። አውራ ጣቱን አሳርፎ ጫን ያደርገዋል። ጣቱ ሰመጥ ካለ «ይሄ ይመቻል» ይላል። ካልሰመጠ ዞር ብሎም አያየው። እኔ ግን ሁሌ የምለው አንድ ነው፦ የለሰለሰ ሁሉ አይመችም!

ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ከዳሌያችን ሥር ያሉ ሁለት አጥንቶች ናቸው። ጠንካራ ወንበር ላይ መዳፋችሁን ከሥራችሁ አድርጋችሁ ብትቀመጡ ሁለቱም እጃችሁን ይወጉታል። መቀመጫው በጣም ለስላሳ ሲሆን እነዚህ አጥንቶች ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ። እነሱ ሲሰምጡ መሃል ላይ ያለው ስፖንጅ ወደ ላይ ይነሳና በእግሮቻችን መካከል ያለውን ስስ ቦታ ይጫናል። እዚያ ደግሞ ነርቭና የደም ሥር አለ። የሚያደነዝዘው እሱ ነው። ሱቁ በር ላይ አንድ ዙር ዞራችሁ ስትመለሱ ይሄ አይታወቃችሁም። የሚታወቃችሁ መንገድ ላይ ከቆያችሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቷል።

አንድ ልጅ በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚመላለስበትን ብስክሌት ይዞ መጣ። መቀመጫው ላይ የጄል ሽፋን አለ፤ በሽፋኑ ላይ ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ፤ ከሁሉም በላይ በፌስታል ጥምጥም ተደርጎ ታስሯል። «አሁንም ያመኛል፣ ሌላ ስፖንጅ ልጨምር?» አለኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ ፈታሁት። ከሥር ያለው መቀመጫ ደህና ነበር። ችግሩ አፍንጫው፣ ማለትም የመቀመጫው የፊት ጫፍ፣ ወደ ላይ ቀና ማለቱ ነው። አስተካክዬ፣ ያለ ምንም ሽፋን ሰጠሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ሲታመም የከረመው ለአንድ ብሎን ነው፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

ስፋቱን ሳይለኩ መግዛት

ልኩ በቤት ውስጥ ይገኛል። ሞገድ ያለውን የዕቃ ካርቶን ቁረጡ፣ ጠንካራ ወንበር ወይም ደረጃ ላይ አድርጉና ቀጭን ልብስ ለብሳችሁ ተቀመጡበት። ትንሽ ወደ ፊት አጎንብሱና ተነሱ። ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ታገኛላችሁ። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኩ። በብዙ አዋቂ ሰው ከ10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። የመቀመጫችሁ ስፋት እዚያ አካባቢ ነው።

አነዳዳችሁም ይቆጠራል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ገበያ ለሚመላለስ ሰው ሰፋ ያለ ይሻለዋል። መሪው ላይ ጎንበስ ብሎ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ሰፊው ጭኑን ይፍቀዋል፤ እሱ ጠበብ ያለ ይፈልጋል።

«የሴት»፣ «የወንድ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። የሴቶች አጥንት በአብዛኛው ራቅ ራቅ ያለ ነው፤ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ካርቶኑ ይወስን።

ከፍታውን ሳያስተካክሉ መቀመጫውን መኮነን

ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን ወደ ታች አውርዱት። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። መቀመጫው ሲበዛ ከፍ ካለ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ይፋቃል። ዝቅ ካለ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫችሁ ላይ ይወርዳል፣ ጉልበታችሁም ይታመማል። መቀመጫውን የተሸከመውን ቱቦ ወደ ላይ ስትስቡት የተቀረጸበትን የመጨረሻ መስመር አትለፉ፤ ሊሰበር ይችላል።

አፍንጫውን በዓይን መገመት

ውሃ ልክ አስቀምጡበት። ስልካችሁም ላይ አለ። ከአግድም ጀምሩና ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አስተካክሉ። ወደ ላይ ከቀና ያደነዝዛል። ወደ ታች ካዘቀዘቀ ወደ ፊት ያንሸራትታችኋል፤ እጅና ትከሻችሁ ይሸከማል። አጥብቃችሁ አስራችሁት እየቆየ አፍንጫው የሚወርድ ከሆነ፣ መቀመጫውን ከቱቦው ጋር የያዘውን ማሰሪያ ፈታችሁ ጥርሶቹን እዩ። ጥርሱ ካለቀ ማሰሪያው ይቀየር። መቀመጫውን መቀየር ምንም አይፈይድም።

ሌሎች

በጂንስ ረጅም መንገድ አትሂዱ፤ ያ ወፍራም ስፌት ቆዳ ይልጣል። ፓድ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ከለበሳችሁ ደግሞ ከሥሩ ፓንት አይለበስም።

ኮብልስቶን ላይ ስትደርሱ ፔዳሉ ላይ ቆም በሉ። ለዚያ መንገድ የሚሆን መቀመጫ የለም።

ያገለገለ ስትገዙ ገልብጡት። ከሥሩ ያሉት ሁለት ብረቶች ከተጣመሙ ተዉት።

በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ

ይሄ ለጀማሪዎች ነው፤ እባካችሁ ስሙኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥንቶቹ አካባቢ ቢያማችሁ አትደንግጡ። ሰውነት እየለመደ ነው። በአጭር መንገድ ጀምሩ፣ አንድ ቀን አሳርፉት፣ እንደገና ውጡ። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። መደንዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አይለመድም። ከደነዘዛችሁ ወዲያው ውረዱ፣ ከፍታውንና አፍንጫውን እዩ። ካልተሻላችሁ መቀመጫውን ቀይሩ፤ መሃሉ የተቦረቦረ ዓይነት ብዙ ሰው ይረዳል። ከብስክሌቱ ወርዳችሁም ድንዛዜው ካልለቀቃችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።