በጃርዲያ ጥናት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአንድ ቀበሌ የልጆች ሰገራና የጥጆች እበት ተሰብስቦ በሁለቱም ጃርዲያ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ የአንጀት ተውሳክ ስለታየ ብቻ «ተውሳኩ ከከብት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ተረጋግጧል» ብሎ የሚደመድም የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬም ለግምገማ ይቀርብልኛል። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ድካሙ እውነተኛ ሆኖ ሳለ መደምደሚያው መሠረት የለውም። የጥጃው ሲስት (ተውሳኩ በጠንካራ ሽፋን ተሸፍኖ ከሰገራ ጋር የሚወጣበት ቅርጽ) እና የልጁ ሲስት በማይክሮስኮፕ ሥር አይለያዩም፤ ሁለቱም ሞላላ፣ ርዝመታቸው ከ8 እስከ 12 ማይክሮን የሚደርስ፣ ሲበስሉም አራት ኒውክለስ ያላቸው ናቸው። ልዩነቱ የሚገኘው በዘረመላቸው ነው። ጃርዲያ ዱዎደናሊስ ከኤ እስከ ኤች የተሰየሙ አሰምብሌጅ የሚባሉ ምድቦች አሉት፤ ሰውን በብዛት የሚይዙት ኤ እና ቢ ሲሆኑ እነዚሁ በልዩ ልዩ እንስሳትም ይገኛሉ፤ ሲ እና ዲ በአብዛኛው የውሻ፣ ኢ የከብት፣ የበግና የፍየል፣ ኤፍ ደግሞ የድመት ናቸው። በጥጆቹ የተገኘው ኢ፣ በልጆቹ የተገኘው ቢ ከሆነ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢያድሩም አንዱ ለሌላው አስተላለፈ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። በሁለቱም ኤ ቢገኝ እንኳ ኤ ራሱ ንዑስ ምድቦች ስላሉት በአንድ ጂን ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ቤታ ጃርዲንን፣ ትራዮዝ ፎስፌት አይሶሜሬዝንና ግሉታሜት ዲሃይድሮጅኔዝን የመሳሰሉ ጂኖች አብረው መነበብ አለባቸው። በግብፅና በአውስትራሊያ የኢ ምድብ በሰው ላይ መገኘቱ የታወቀውም በዚሁ መንገድ ነው። የፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) አቅም የሌለው ተማሪ «ተውሳኩ በሰውም በከብትም ተገኝቷል» ብሎ ቢያቆም ሥራው ሙሉ ክብር ይገባዋል፤ ከዚያ አልፎ መተላለፉን መመስከር ግን የለበትም።

ሁለተኛው ስህተት የሚፈጸመው ናሙናው በሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። አንዲት ትጉህ ተማሪ ከሩቅ ወረዳ ያመጣቻቸውን ብልቃጦች በሥርዓት ቁጥር ሰጥታ፣ ክዳናቸውን በፕላስተር አሽጋ ለዲኤንኤ ምርመራ አቀረበችልኝ፤ ሁሉም በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ነበሩ። ፎርማሊን የሲስቱን ቅርጽ በሚገባ ቢጠብቅም ዲኤንኤውን ስለሚጎዳ ከብልቃጦቹ አብዛኞቹ ምንም ውጤት አልሰጡም። ናሙናው ገና ሜዳ ላይ እያለ ለሁለት መከፈል ይኖርበታል፤ አንዱ ክፍል ለማይክሮስኮፕ በፎርማሊን፣ ሌላው ለፒሲአር በኢታኖል ወይም በበረዶ ሳጥን ተይዞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወዳለው ማቀዝቀዣ ይግባ። በፖታሲየም ዳይክሮሜት የሚያስቀምጡ ደግሞ ዲኤንኤ ከማውጣታቸው በፊት ደጋግመው ይጠቡት።

ሲስት በየቀኑ በእኩል መጠን አይወጣም። በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና መውሰድ ካልተቻለ፣ የተገኘው ሥርጭት ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ።

ቀጭን ተቅማጥ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት አይገባም። ትሮፎዞይት (የሚንቀሳቀሰው የተውሳኩ ቅርጽ) በሳላይን (በጨው ውሃ) ጠብታ ውስጥ እንደሚወድቅ ቅጠል እየተገለባበጠ የሚታየው ናሙናው ትኩስ ሳለ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ እንቅስቃሴው ይቆማል፣ ቅርጹም ይበላሻል፣ ከዚያም «አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገባል።

ካቶ ካትዝ የሚባለው የሰገራ ምርመራ ዘዴ ለትል እንቁላል እንጂ ለጃርዲያ ሲስት አይሆንም።

የእንስሳት ናሙና በተጠናከረ የስኳር ሙሌት (ስኳር በብዛት በሟሟበት ውሃ) ሲንሳፈፍ ሲስቱ በአንድ ጎኑ ይጨማደድና ጀማሪው ሳያውቀው ያልፈዋል፤ አንጻራዊ እፍጋቱ 1.18 የሆነ የዚንክ ሰልፌት ሙሌት ይሻላል፣ ስላይዱም ሳይዘገይ ይነበብ።

ተቅማጥ ያለባቸውን ልጆች ብቻ መርምሮ «የተቅማጡ መንስኤ ጃርዲያ ነው» ማለትም እንዲሁ ያሳስታል። በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች በሕፃናት ላይ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ትልቅ ጥናት ጃርዲያን ከመካከለኛና ከከባድ ተቅማጥ ጋር ሊያያይዘው አልቻለም፤ እንዲያውም ከ1 ዓመት በላይ በሆኑት ዘንድ ተቅማጥ በሌለባቸው ልጆች ላይ ይበልጥ ታይቷል። ስለዚህ በዕድሜና በሰፈር የሚመሳሰሉ ጤነኛ ልጆችን ያላካተተ ጥናት ስለ መንስኤ ሊናገር አይችልም።

በመጨረሻም የጥጃ እበት ከመሬት አይለቀም፤ በጓንት ከፊንጢጣው ይወሰድ፣ ዕድሜውም በሳምንት ይመዝገብ። በግቢው የሚውል ውሻ እበትና ሰገራ ስለሚበላ፣ የበላው ሲስት ሳይራባ በአንጀቱ አልፎ ሊወጣ ይችላል፤ በውሻ ላይ የከብት ምድብ የሆነው ኢ ከተገኘ ውሻው ለጥቂት ቀናት ከከብቶቹ ተለይቶ ሁለተኛ ናሙና ይወሰድለት።