የምስጋና ደብዳቤውን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት

በተማሪ ልውውጥ ጀርመን ከርማችሁ ልትመለሱ ስትሉ የመጨረሻው ሳምንት በሻንጣና በሩጫ ያልቃል። አብሜልዱንግ የሚባለው የነዋሪነት ስረዛ እንኳ የሚፈቀደው ከመውጣታችሁ አንድ ሳምንት ሲቀር ነው። ምስጋናው በአንድ የቴክስት መልእክት ይቀራል።

ስለዚህ ወር ሲቀራችሁ የረዷችሁን ሰዎች ስም መዝግቡ። በቀን አንድ ስም ያዙ፤ ጠዋት ጸልዩለት፣ ማታ በእጃችሁ ሁለት መስመር ጻፉለት። «ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» አይበቃም፤ «በጾሜ ወቅት ምስር የሠሩልኝን አልረሳም» በሉ። ስትጸልዩለት የዋለላችሁ ውለታ ራሱ ትዝ ስለሚላችሁ ቃል አይቸግራችሁም። ሉቃስ 17 ላይ ከተፈወሱት 10 ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው፤ እኔን ያነሣሣኝ እሱ ነው።

አስተናጋጆቻችሁ አማኞች ካልሆኑ ደብዳቤውን ስብከት አታድርጉባቸው፤ ምስጋናው ብቻ ይድረሳቸው።