ካዝናው ተዘግቶ ጭንቅላት አልዘጋ ሲል

የባንክ ቴለር (ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ) እያለሁ እንቅልፍ የሚነሳኝ የደንበኛው ሰልፍ አልነበረም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የቅርንጫፉ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የምትመጣ «ዛሬ ስንት ተቀማጭ አመጣችሁ?» የምትል መልእክት ነበረች። እሷን ካየሁ አለቀ፣ ዓይኔን አፍጥጬ የቀኑን ብር እንደገና ስቆጥር አድራለሁ።

ሮበርት ካራሴክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፈው፣ ሰውን ክፉኛ የሚያስጨንቀው ጫናው በዝቶ በሥራው ላይ የመወሰን መብቱ ሲያንስ ነው። ቴለር ማለት ይኸው ነው። ሰልፉን ማሳጠር፣ ታርጌቱን መቀነስ አትችሉም፣ ጉድለት ሲገኝ ግን ወደ እናንተ ነው። ስለዚህ ከምትወስኑባት ትንሽ ነገር ጀምሩ።

የእኔ የመጀመሪያዋ ወረቀት ነበረች። ከመተኛታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ወስዳችሁ የነገን ሥራ በዝርዝር ጻፉ፣ «ያ የተመለሰው ቼክ፣ የወይዘሮዋ ኤቲኤም ካርድ» እያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ የነገውን የጻፉት የሠሩትን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ፈጥኗል። እኔ ተቃራኒውን ነበር የምጠብቀው።

ግሩፑን ድምፁን አጥፉት። አለቃችሁን ግን ቀድማችሁ «አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ፣ ማታ ግሩፕ አላይም» በሉት። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ቡና ላይ አልከራከርም፣ ሰዓቱን ብቻ አስተካክሉ። ካፌይን በአማካይ ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው፤ የአሥር ሰዓቷ ስኒ ማታ ሦስት ሰዓትም አለች ማለት ነው። ድራፍቱም ያስተኛል እንጂ ሌሊት መልሶ ይቀሰቅሳል።

20 ደቂቃ ያህል ተገላብጣችሁ እንቢ ካለ ከአልጋ ውረዱ። ደብዘዝ ያለ መብራት ሥር ተቀመጡ፣ ስልክ አትንኩ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። አልጋው የጭንቀት ቦታ መሆኑን መልመድ የለበትም።

ሰዓታችሁንም መዝግቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ ቀን ላይ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያውም የመደበኛው 1.5 እጥፍ ነው። «ሂሳብ አልዘጋ ብሎ ነው» እየተባለ በነፃ የሚታደረው ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ በሳምንት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ካጣችሁና ይሄም ወራት ከዘለቀ፣ ወይም ቅዳሜ ማታ ሰኞን ስታስቡ ደረታችሁ የሚጨንቃችሁ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «አማኑኤል ሆስፒታል ታየ» ይሉኛል ብላችሁ አትቅሩ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። መሞትን ማሰብ ከጀመራችሁ ግን ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ እሱም ይዟችሁ ይሂድ።